ለሚስተር ቻኮ ያደረስኩት መርዶ

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ኮሎሲየምን አየኸው? ቫቲካንስ ገባህ?» አላየሁም ማለት ያሳፍራል፤ አየሁ ማለት ደግሞ ውሸት ነው። ኮሎሲየምን ያየሁት በአውቶብስ መስኮት፣ ያውም በአንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው። ሮም ውስጥ አጥርቼ የማውቃት ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ያለች አንዲት የሩዝና የቅመም ሱቅ ናት። ሐውልትና ፏፏቴ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ቢተወው አይከፋኝም፤ ስለ ሁለት ጓደኛሞች መስማት የሚፈልግ ግን ይከተለኝ።

በመሥሪያ ቤት በኩል የሄድኩት ስለ እህል ዋጋ ለሚደረግ ስብሰባ ነው። ያን ጊዜ የምሠራው ገበሬው በኮታ የሚያስረክበውን እህል በሚገዛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ካወጀ ገና ብዙ አልቆየም። ትናንት በዝባዥ ሲባል የከረመው ነጋዴ ዛሬ «ባለሀብት» ተብሎ በራዲዮ ሲጠራ አለቆቻችን ግራ ገባቸው። አንድ ሰው ሄዶ ሌላው አገር ከገበያ ጋር እንዴት እንደሚኖር ሰምቶ ይምጣ ተባለና ለእኔ ደረሰኝ።

በቤት በኩል የተላክሁት ግን በሌላ ጉዳይ ነው። ደሴ ስማር ከሁሉ የምወዳቸው ሁለት መምህራን ነበሩኝ። አንደኛው የእህል ነጋዴ ልጅ የሆኑት የታሪክ መምህራችን ጋሽ ይመር ናቸው። ሁለተኛው ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጡት የሂሳብ መምህራችን ሚስተር ቻኮ ናቸው። በዚያ ዘመን ህንዳዊ አስተማሪ የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለነበሩ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ሚስተር ቻኮ የዕቅድ ሰው ናቸው፤ መንግሥት ቆሞ ራሽን ካላከፋፈለ ድሃ ይሞታል ባይ። ጋሽ ይመር ደግሞ «ገበያ ባይኖር ደሴም አትኖርም ነበር፤ አንተም ሽንኩርት የምትገዛበት አታገኝም» ይሏቸዋል። እኛ ተማሪዎች አጥር ስር ቆመን እንሰማ ነበር።

አብዮቱ ሲጋጋል ሚስተር ቻኮ አገራቸው ገቡ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሮም መኖራቸው ተሰማ። ክርክሩ ግን በደብዳቤ ቀጠለ። ፖስታ ተከፍቶ በሚነበብበት ዘመን ስለ ኢትዮጵያ መጻፍ አደጋ ስለነበረው ሁለቱም የሚጽፉት ስለ ህንድ ብቻ ሆነ። የህንድን መንግሥት ቢያሙት ቀበሌ አይጠራም። ጋሽ ይመር ደሴ ተቀምጠው ስለ ህንድ ምርጫ፣ ስለ ህንድ ስኳር ፋብሪካ፣ ስለ ህንድ የንግድ ፈቃድ ከብዙ ህንዳዊ የበለጠ ያውቁ ነበር።

ጋሽ ይመር ያለፈው ክረምት አረፉ። ደም ግፊት ነበረባቸው፤ አንድ ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ ወደቁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ገብተው ነበር። መሄዴን ሲሰሙ አስጠሩኝ።

«ለቻኮ ማንም እንዳይጽፍ ከልክያለሁ» አሉኝ። «ሰው በባዕድ አገር፣ ብቻውን ፖስታ ቀዶ መርዶ ይስማ? ጠላቴም እንዲህ አይስማ። አንተ ሂድና ሰው ሰብስበህ፣ ፊት ለፊት ንገረው።»

እሺ አልኩ። ሮም ከዚህ ርቃ የምትገኝ ሌላ ወረዳ መስላ ታይታኝ እንደሆነ እንጃ፣ ማንን እንደምሰበስብ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ። የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ልተወው። እንደምመለስ አማቼ ዋስ ሆኖ ፈርሟል፤ ስሰናበተው እጄን ይዞ ቶሎ አልለቅ አለኝ። አውሮፕላኑ ፊውሚቺኖ ሲያርፍ የሮም ሰማይ ደመና ነበር፤ ብርዱ ግን የእንጦጦን አያህልም። ሻንጣዬ ውስጥ እትዬ ዘነቡ ለሚስተር ቻኮ የላኩት ሽሮና በርበሬ አለ። ጉምሩክ ላይ ያለው ሰው አሽትቶት አስነጠሰና በእጁ ሂድ አለኝ።

ከተማ ውስጥ የአውቶብስ ቲኬት ገዛሁና እንዳይጎሳቆል ፓስፖርቴ መካከል አስቀመጥኩት። እኛ አገር ትኬት ቆራጩ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እዚያ ለካ ሰው ራሱ ነው ከማሽኑ ውስጥ ከትቶ የሚያስመታው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምንም ያልነካው ንጹሕ ቲኬቴን ኮራ ብዬ አሳየሁት። ጮኸብኝ። እኔ ንጽሕናውን እያሳየሁ፣ እሱ ንጽሕናውን እያየ የሚናደድበት ነገር አልገባኝም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ቲኬቱን ከእጄ ነጥቀው ማሽኑ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ተቆጣጣሪውን እንደ ልጃቸው ገሠጹት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ወንድማቸው በወጣትነቱ አገራችን ሄዶ እንዳልተመለሰ በምልክት አስረዱኝ። ለወረራ የመጣ ሰው ነው፤ ነፍስ ይማር ልበል ወይስ ልተው ቸገረኝ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ወረዱ።

ያረፍኩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ፔንሲዮኔ፣ ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ ምግብ ፍለጋ ብዙ አልተንከራተትኩም። ታች መንገዱ ላይ የአሥመራዋ እትዬ ለተብርሃን ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ሮም ከመጡ ወዲህ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። አገር ቤት ወንድምና ወንድም የሚታኮስበት ዘመን ስለነበረ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው።

«እዚህ ቤት ፖለቲካ በር ላይ ከጃንጥላው ጋር ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። «ተቀመጥ። ትጾማለህ?»

ሁዳዴ ነበር። ምስርና ጎመን አቀረቡልኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ በየጣሊያኑ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የእኛ ሴቶች ነበሩ፤ ማግስቱ እሑድ ዕረፍታቸው ስለሆነ ያን ማታ ቀደም ብለው ወጥተዋል።

«ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ትጠይቃለህ ወይስ ወደ ካናዳ ነህ?» አለችኝ አንዷ፣ የጎንደሯ ትርንጎ።

«ዓርብ እመለሳለሁ።»

«በፈቃድህ?»

«ዋስ አለብኝ።»

«ዋሱም ይምጣ!» አለች፤ ተሳሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ትርንጎ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ «ዓርብ ስትደርስ ዝናብ ይኖር ይሆን? የበልጉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እስካሁን ይጸጽተኛል፤ ይኖራል ብላት ምን ነበረበት።

እሑድ። ለሚስተር ቻኮ ከቡና ቤት፣ ጄቶኔ በሚሉት የስልክ ሳንቲም ደውዬ ነበርና ከቅዳሴ መልስ ፔንሲዮኔው ድረስ መጡ። እኔ ረዝሜ ነው ወይስ እሳቸው ናቸው ያጠሩት? ያ እጁን በጠመኔ ነጭ አድርጎ ሰሌዳውን የሚሞላ ረጅም ሰው ሳይሆን ካፖርት የከበደው ሽማግሌ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሲያዩኝ በደሴ አማርኛ፣ «አንተ ጌታሁን! ጂኦሜትሪ የሚገለብጠው!» ብለው አቀፉኝ። ሰላምታውን ደግሞ አንድ ሳያጎድሉ አወረዱት። እናትህ ደህና? ልጆች ደህና? አገሩ ደህና? ዝናቡ ደህና? እኔም ደህና፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

«ይመርስ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እኛ ቤታችን እየተቃጠለም ለሰላምታ መልሳችን ደህና ነው፤ ምላሴ የለመደውን መለሰ። ላርመው አፌን ስከፍት እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ደረጃ ላይ፣ ያለ አንድ ሰው፣ በምን አንጀቴ እነግራቸዋለሁ? መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚደግፈው እጅ አጠገቡ እያለ ነው ሰው የሚረዳው። ነገ ይሆናል ብዬ ዋጥኩት።

ባሕር ላሳይህ ብለው በባቡር ኦስቲያ ወሰዱኝ። ባቡሩ ዘገየ። ጣቢያው ላይ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ድሮ ባቡር በሰዓቱ ይመጣ ነበር እያለ ሲያጉረመርም ሚስተር ቻኮ ሳቁ።

«እኛም አገር እንዲህ የሚል አለ» አሉኝ። «በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ሰው በየእስር ቤቱ ታጉሮ፣ ጋዜጣ አፉ ተለጉሞ፣ አጎቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘ባቡሩ ግን በሰዓቱ ይደርሳል።’ ይህን ለይመር ጻፍኩለት። ምን ብሎ መለሰልኝ? ‘ታዲያ አጎትህ የት ሊሄድ ነው የሚቸኩለው?’»

የኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ወቅቱ ስላልነበረ ጭር ብሏል። የመዋኛ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ አሸዋው ላይ አንድ ሰው ውሻ ያንሸራሽራል። እኔ ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሚስተር ቻኮ የተወለዱት ባሕር ዳር ነውና አገራቸውን የሚያስታውሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ወደ የብስ ወደ ምሥራቅ ያያሉ።

«እዚህ ስመጣ ሁልጊዜ የሚጎድለኝ ጦሳ ነው» አሉ። «ደሴ ጠዋት በር ስትከፍት ፊትህ ቆሞ የምታገኘው ነገር አለ። ተራራ የሌለበት አገር ዓይን ማረፊያ አያገኝም። አገሬ ስገባ ባሕሩን አይቼ ጠግቤ አልቅሼ ነበር፣ ከዚያ ግን በሁለተኛው ወር ጦሳ ናፈቀኝ። ለሚስቴ ለአናማ ስነግራት አበድክ አለችኝ።»

ከዚያ ወደ ክርክሩ ገቡ። አሸዋው ላይ በእግራችን እየሄድን፣ ለእኔ ይመስላል እንጂ የሚያወሩት ለጋሽ ይመር ነበር።

«ንገረው፤ በፈቃዱ ነገር አሸንፎኛል። አገሬ ገብቼ ከወንድሜ ጋር የኮኮናት ቃጫ ገመድ የሚገመድባት ትንሽ ቤት ልንከፍት ፈለግን። ፈቃድ ለመጠየቅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ስንል ወንድሜ ሸበተ። ዕቅድ ያልኩት ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ ጉቦ ሆነ። እንደዚያ ጻፍኩለት፤ ግማሹን ተሸነፍኩልህ አልኩት። ሌላውን ግማሽ ግን እሱ ይሸነፍልኝ። በሩን ከፈትነው፣ ገበያ ይግባ አልን። መጀመሪያ የገባው ማን መሰለህ? መኪናና ባለ ቀለም ቴሌቪዥን። ገመድ የምትገምደው ሴትዮ ዛሬም እጇን በጨው ውኃ ታሻለች። እሷ ሳትገባ በሩ ተዘጋ እኮ!»

«ድምፅ ግን ትሰጣላችሁ» አልኩ። ይህን እኔ ከመጣሁበት አገር የመጣ ሰው ሳይቀና አይለውም።

«እንሰጣለን። መንግሥት እንጥላለን፤ ዘንድሮም ጣልን። ይህን አልንቅም፣ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሚኒስትሩን ትጥላለህ እንጂ የቢሮውን ጸሐፊ አትጥለውም። ድሃው በምርጫ ቀን ንጉሥ ነው፣ በማግስቱ ሰልፍ ይጠብቀዋል።» ቆም አሉ። «ይህንን ሁሉ ጽፌለት ነበር። ከክረምት ወዲህ አልመለሰልኝም። ኮርቶ ነው። ግማሹን ስላሸነፈ ኩራቱ ላይ ወጥቷል። ግድ የለም። በዚህ ዓመት ሥራ አቆማለሁ፤ ወደ ኬረላ ስንመለስ ደሴ ጎራ እላለሁ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አስለፈልፈዋለሁ።»

የባሕሩ ንፋስ በረታና ተመለስን። በባቡሩ ውስጥ ልናገር አልናገር ስል እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሰኞ። ስብሰባው በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚፈላ የሚመስል ውኃ። ዋናው ተናጋሪ ዋጋን ልቀቁት፣ ዋጋ ራሱ መንገዱን ያውቃል ይላል። ቤቱን ስለምታውቅ በቅሎ የሚያወራ ይመስላል። የህንድን በር መከፈት እያነሳ ሲያሞግስ፣ ሚስተር ቻኮ እሑድ ማምሻውን የነገሩኝ ነገር ትዝ አለኝ። እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የኖሩት በራሽን ሱቅ ሩዝ ነው፤ አሁን ያ ሱቅ ለመንግሥት ከብዷል ይቀነስ የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። እጄን አወጣሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ይህን ሒሳብ የሠሩት ሰዎች ለሩዝ ተሰልፈው ያውቃሉ?» አልኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው ተባልኩና የሻይ ዕረፍት ሆነ። ከጠያቂነቴ ይልቅ የፈራሁት አጠገቤ የነበረውን የኤምባሲ ሰው ነው፤ እሱ ግን ብስኩት ፍለጋ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ግን ስለ ራሳችን አሰብኩ። የእኛ ገበሬ ኮታው አልሞላለት ሲል በሬውን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለእኛ በርካሽ ያስረክባል። ይህን በመሥሪያ ቤታችን የማያውቅ የለም፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን አልነበረም። ጋሽ ይመር ስለ ህንድ ገበሬ እያሉ ሲጽፉ የነበረው ይህንኑ ነው።

ማታ ሱቁን አየሁት። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጀርባ ያለች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጆንያ የሞላባት ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ሚስተር ቻኮ ሻጭ ናቸው። መኖሪያቸው ከሱቁ በላይ ነው። ባለቤታቸው አናማ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ናቸው። እነሱም እንደ እኛ ኦርቶዶክስ ናቸውና የጾም ምግብ በኮኮናት ሠርተው፣ የደሴን ልማድ ሳይረሱ ብላልኝ እያሉ አጎረሱኝ። እትዬ ዘነቡ የላኩትን ሽሮ ሲከፍቱ ሚስተር ቻኮ አፍንጫቸውን ከተቱበት። «ዘነቡ ናት። ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች» አሉ። ይህ ቤት ስለ እኔ ደስ ባለው ቁጥር የያዝኩት ነገር ይከብደኝ ጀመር።

ማክሰኞ። ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው። የሚያጥቡትን ሳሕን አስቀመጡ።

«ይኸን ይዘህ ሁለት ቀን አብረኸው በላህ?»

«ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻህን? እኛ ምንድን ነን?» እጃቸውን ጠረጉ። «አሎራ፣ መቼ ነው ሱቁ የሚዘጋው?»

የሮም ምግብ መሸጫ ሱቆች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። የቤት ሠራተኞቹም ዕረፍታቸው ያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። እኔ ዓርብ ልሄድ ነው።

«ጆቬዲ ነው እንግዲህ» አሉ።

«መርዶ ከምሳ በኋላ?»

«የእኔ ወንድም፣ ማለዳ ላይ የሲኞራቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። እግዚአብሔር ያውቅልናል። የእናቴን መርዶ እኔ የሰማሁት በስልክ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። አናቴን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ሰውዬ እንደዚያ አይደረግም። ቫ ቤኔ?»

ረቡዕ። ከስብሰባው በኋላ ወደ ሱቋ አልሄድም ብዬ ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። ሚስተር ቻኮ ሩዝ እየሰፈሩ ለጋሽ ይመር የምነግርላቸውን ያስጠኑኛል። አንድ ጣሊያናዊት ጥቁር አዝሙድ ስትጠይቃቸው እንኳ ሚዛኑን እያዩ «ደግሞ ንገረው…» ይሉኛል። እኔ በየመሐሉ እሺ እላለሁ። ሰው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል፤ የእኔ ውሸት ግን በየሰዓቱ ይወፍር ነበር። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝተው፣ «ካልመለሰልኝ ግን ራሴ መምጣቴ ነው በለው» አሉ።

ሐሙስ። እትዬ ለተብርሃን ምግብ ቤታቸውን ዘጉ። ትርንጎና ሌሎች አራት ሴቶች መጡ፤ ሁሉም ነጠላ ይዘዋል። አንዳቸውም ጋሽ ይመርን አያውቁም፤ ሚስተር ቻኮን የምታውቃቸው በርበሬ ከሱቃቸው የገዛች አንዷ ብቻ ናት። አውቶብስ ላይ ቲኬታችንን ትርንጎ አስመታችልን።

ያሰብነው እንዲህ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ቀስ ብለው ያስቀምጧቸዋል፣ ጥቂት ያጫውቷቸዋል፣ ከዚያ ነገሩን ያመጡታል። ሚስተር ቻኮ በሩን ሲከፍቱ በደስታ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ሴቶቹ ላይ ሄደ። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጣሊያን ቢሆን ምኑም አይገባውም፤ እሳቸው ግን ደሴ ኖረዋል። የተዘረጋው እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ማነው?» አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ይመር ነው?»

«እግዚአብሔር ያጥናዎ» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

ሚስተር ቻኮ ማልቀስ የጀመሩት በአማርኛ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ሴቶቹ ክንዳቸውን ያዟቸው። ከዚያ ሴቶቹም አለቀሱ። መጀመሪያ ለወግ መሰለኝ፤ በኋላ ግን ትርንጎ «አባዬ» እያለች ስታለቅስ ሰማሁ፤ ሌላዋ የእህቷን ስም ጠራች። በየሲኞራው ኩሽናና ጓዳ የተዋጠው ሁሉ እዚያች የሩዝ ሱቅ ፎቅ ላይ ወጣ። እኔም ሳላፍር አለቀስኩ፤ ጋሽ ይመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኳቸው እዚያ ነው።

ለቅሶው በረድ ሲል ሚስተር ቻኮ ፊታቸውን ጠርገው፣ «በምን?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደም ግፊት ነበረባቸው። ክኒኑ ጠፋ። በመንግሥት መድኃኒት ቤት ዋጋው ግድግዳ ላይ አለ፣ መድኃኒቱ የለም። በጓሮ መድኃኒቱ አለ፣ ዋጋው አይቀመስም። አንዷን ክኒን ለሁለት እየከፈሉ ሲወስዱ ቆዩ።»

አናማ የክኒኑን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለባላቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። ሚስተር ቻኮ አልተረጎሙልንም፤ መተርጎምም አያስፈልገውም ነበር።

«ክኒኑ እዚህ በየመንገዱ ማዕዘን አለ» አሉ በመጨረሻ። «አናማ ነርስ ናት፤ ነርስ መሆኗን ያውቃል። በመንገደኛ እልክለት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ስለ ህንድ ድሃ ጻፈልኝ። ስለ ራሽን፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ ሳይቀር ጻፈልኝ። አመመኝ አላለኝም!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ተቆጥተው ነበር። «አንድ መስመር! ይመር፣ አንድ መስመር!»

ሴቶቹ እስኪመሽ አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ወደ ሲኞራቸው የሚመለሱበት ሰዓት ሲደርስ እያንዳንዳቸው ጉልበታቸውን ስመው ወጡ።

ዓርብ። ሚስተር ቻኮ አልሸኙኝም፤ አናማ ናቸው ፊውሚቺኖ የመጡት። አዲስ አበባ ስገባ ዝናብ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ነጠላው ሲታይ የሆነውን፣ ለቅሶውን፣ ቁጣውን። ቁጣው ላይ ስደርስ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔም ጻፍለት ብዬው ነበር» አሉ። «ስንት ጊዜ! ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ‘ቻኮ በሰው አገር ሩዝ እየሸጠ የሚኖር ሰው ነው። እዚያ ስለ አገሩ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን እኔም ክኒን ላክልኝ ብዬ ልጻፍለት? ተይው፣ ስለ ህንድ ልጠይቀው፤ ደስ ይለዋል’ አለኝ።»

ይህንን ለሚስተር ቻኮ ጻፍኩላቸው። ከታች ደግሞ ስለ ህንድ ጠየቅኋቸው።